ፒስተኑ ተቀየረ፤ ኦይል ሲሉንስ ማን አየው?

ያ ጀመዓ፣ ስለ ቱ ስትሮክ፣ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ስለሚያነደው ሞተር፣ ሆዴ ያረረበትን ዛሬ ልተንፍሰው። ከወልድያ እስከ ከሚሴ፣ ከደላንታ እስከ ባቲ፣ በየግቢው ዛፍ ሥር ዝናብና ፀሐይ የሚፈራረቅበትን ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 እዩት። «ሞተሩ ጨርሷል» ተብሎ የተተወ ነው። ስንቱ ነው በእውነት የጨረሰው?

ነገሩ ሁሌ አንድ ነው። ሞተሩ ይነክሳል፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል። ሲሊንደሩ ወርዶ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፣ አዲስ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይገባል፣ ቴስታታው ይታሰራል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ወር ሳይሞላው በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው ሐረጎ ላይ ደግሞ ይነክሳል። ያኔ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል። ኧረ በናታችሁ! ፎርጅድ ዕቃ መኖሩ እውነት ነው፤ ግን መጀመሪያውኑ ያስነከሰውን ነገር ማን ፈለገው?

የሚያናድደኝ ቱ ስትሮክን እንደ ፎር ስትሮክ ማየቱ ነው። በፎር ስትሮክ ኦይል ሲል፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት፣ ሲያልቅ ዘይት ይንጠባጠባል፣ መሬት ይቆሽሻል። በቱ ስትሮክ ግን ክራንክ ኬዙ፣ ክራንኩ የሚሽከረከርበት የታችኛው ቤት፣ ራሱ የቤንዚንና የአየር መተላለፊያ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ድብልቁን ከካርቡራተር ይስባል፣ ሲወርድ አምቆ ወደ ሲሊንደር ይገፋዋል። እንግዲህ ክራንክ ሻፍቱ፣ የድሮ መካኒኮች ኮሎ የሚሉት፣ በግራና በቀኝ ብቅ የሚልባቸውን ቦታዎች የሚዘጉት ሁለት ሲሎች ናቸው። እነሱ ካፈሰሱ አዲሱ ፒስተን ምን ያድርግ?

በማግኔት በኩል ያለው ሲል ሲደርቅ ካርቡራተሩ ያልለካው አየር ይገባል። ድብልቁ ይሳሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፒስተኑ አብጦ ሲሊንደሩን ይነክሳል። ቀድሞ ምልክት ይሰጣል እኮ፦ ነዳጅ ስትለቁ ድምፁ ቶሎ አይወርድም፣ ሚኒሞው፣ ነዳጅ ሳይሰጥ የሚዞርበት ፍጥነት፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፣ ካንዴላው ይነጣል። ታዲያ መድኃኒቱ ሚኒሞውን በካቻቪቴ መቀነስ ሆኖ ቀረ! በፍሪሲዮን በኩል ያለው ሲያልቅ ደግሞ ሞተሩ የካምቢዮ ዘይት ይመጥጣል። ነጭ ጭስ ይበዛል፣ ካንዴላው ይረጥባል፣ መሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ የካምቢዮው ዘይት ይጎድላል። ይህን አይቶ «ፋሻው ዘይት እያሳለፈ ነው» የሚል መካኒክ ያሳዝነኛል። ቱ ስትሮክ ፒስተን ላይ የዘይት ፋሻ የሚባል ነገር የለም።

መፈተሻው ውድ አይደለም። ካርቡራተሩና ማርሚታው የሚገጠሙባቸውን የሞተሩን አፎች ከአሮጌ ካላማዳሪያ በተቆረጠ ጎማና በቆርቆሮ አጥብቃችሁ ድፈኑ፤ ዘይት ወደ ሞተሩ የሚልከውን የዘይት ፓምፕ ቱቦ መግቢያም እንዳትረሱ። ፒስተኑን እስከ ታች አውርዱና በካንዴላው ቀዳዳ አየር ስጡ። በእጅ የሚነፋ የደም ግፊት መለኪያ ለዚህ ሥራ ይበቃል፦ መርፌው 300 ላይ ሲደርስ ወደ 0.4 ባር ነው። ከዚያ አትለፉ፣ ደህናውንም ሲል ታስወጡታላችሁ። 6 ደቂቃ ጠብቁ። በየደቂቃው ከ50 በላይ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ። የሳሙና አረፋ ቀቡ፤ ማግኔቱ ወልቆ ከኋላው አረፋ ከወጣ የግራው ሲል ነው፣ በካምቢዮ ዘይት መሙያው ቀዳዳ ላይ አረፋ ከነፋ የፍሪሲዮኑ ነው። ጎማው የተደፈነበት ቦታ ራሱ እንዳያፈስ መጀመሪያ እሱን እዩ። ይህ ከመፍታት በፊት አንዴ፣ ከታሰረ በኋላም አንዴ መሠራት አለበት።

ገጠማውም ሌላ ብሶት ነው። ሲሉ ላይ ሦስት ቁጥር አለ፤ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። «ይቀራረባል» ብሎ ነገር የለም። አሮጌውን በካቻቪቴ ፈልቅቆ ማውጣት መቀመጫውን ይቧጭራል፣ አዲሱ ሲል በዚያ ጭረት በኩል ያፈሳል። ሲሉ ከውጭ በኩል ጠርዝ ካለው ደግሞ ክራንክ ኬዙ ካልተከፈተ አይወጣም፤ ያን ጊዜ መጎርጎር ሞተሩን መግደል ነው። አዲሱን ስታስገቡ ከንፈሩን ግሪስ ቀቡት፣ ስፕሪንጉ ወደ ክራንክ ኬዙ ይዙር፣ የክራንኩን የቁልፍ ቦይ በፕላስተር ሸፍኑት፣ በልኩ ቱቦ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉት። ሲሉ የሚያርፍበትን የክራንክ ቦታ በጥፍር ዳስሱ፤ ቦይ ከቆፈረ አዲስ ሲልም አይዘጋውም። እና በአላህ፣ የክራንኩን ጫፍ በመዶሻ አትምቱ! ተጨምቆ የተገጣጠመ ነው፣ አንድ ምት ያጣምመዋል፣ የተጣመመ ክራንክ ደግሞ ኩሽኔታውንም ሲሉንም ይበላል። ከኩሽኔታው ጋር ሲሉን መቀየርም ግዴታ ነው።

ጓርኒሲዮን፣ በሁለት ብረት መሃል የሚገባውን ማሸጊያ፣ ከካርቶን ቆርጦ ሁለቱንም ፊት በሲሊኮን መለቅለቅስ? የተረፈው ወደ ውስጥ ይጨመቃል፣ ቤንዚን ያላቅቀዋል፣ የኩሽኔታውን የዘይት ቀዳዳ ይደፍናል።

ስለ ሲሊንደሩ ባጭሩ፦ መጀመሪያ ፒስተኑን ግዙ፣ ከዚያ ቶርኖ ቤቱ በፒስተኑ ልክ ያስፋ። የያማሃ ትርፍ ልክ ፒስተን በ0.25 ሚሊ ሜትር እያደገ እስከ 1.00 ይሄዳል። የቀዳዳዎቹ ጠርዝ ካልተሞረደ ፋሻ ይሰብራል። የፒስተኑ ቀስት ወደ ማርሚታው ነው።

ዘይቱ ግን ደሜን ያፈላዋል። ለመኪና የተሠራ ወፍራም ዘይት ቱ ስትሮክ ጋን ውስጥ ይጨመራል፤ አመድ ይተዋል፣ ፋሻውን ያጣብቃል፣ ማርሚታውን ይደፍናል። ፓምፑ ተነቅሎ በግምት የሚቀላቀልም አለ። ለ5 ሊትር ቤንዚን 150 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት በመለኪያ ይቀላቀላል እንጂ በክዳን አይገመትም። ፓምፑ ካለም አዲስ ሲገጠም አየሩ ሳይወጣ ሞተሩ አይነሳ።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ደሴ ላይ ጥቁር ጭስ አስቸገረ ብሎ ትንሽ ሜን ጄት (የካርቡራተሩ ዋና የቤንዚን ቀዳዳ) የሚያስገባ፣ ኮምቦልቻ ሲወርድ ድብልቁ ይሳሳበታል። በሐረጎ ቁልቁለት ነዳጅ ዘግቶ በሞተር ፍሬን መውረድም ሞተሩን ዘይት ያስጠማዋል፤ በየመሃሉ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ትንሽ ነዳጅ ስጡት።

ሞተር ስታሠሩ የወጡትን ሁለት አሮጌ ሲሎች በእጃችሁ ተቀበሉ። ከመክፈላችሁም በፊት መርፌው በ6 ደቂቃው ውስጥ ከተባለው በላይ አለመውረዱን ቆማችሁ እዩ።