«ተካፋይ ነህ» አትበሉት

ወገኖቼ፣ «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ስንሰማ ምን እንደምንሆን እንተዋወቃለን። ማን ጮኸ፣ ምን ተሰረቀ፣ የተያዘውስ ልጅ ማነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከታክሲ ሰልፍ የወጣውም፣ ማኪያቶውን ጥሎ የሮጠውም አንድ ጥፊ ካላዋጣ የዕድር መዋጮ የቀረበት ይመስለዋል።

ባለፈው ክረምት መገናኛ ላይ ሞባይል መነተፈ የተባለ ልጅ ተይዞ ሲደበደብ አንድ ፖሊስ ብቻውን ደረሰ። ልጁን ግንብ ላይ አስጠግቶ በሁለት እጁ ከለለውና ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጠ። ቆቡ ወድቆ ተረገጠ። ለልጁ የተሰነዘረው ቡጢ እሱ ትከሻ ላይ ያርፍ ነበር፤ የራሱ ዱላ ግን ከወገቡ አልወጣም። «በሕግ አምላክ!» ይላል ደጋግሞ። ከኋላ የሚመለስለት «ተካፋይ ነህ! ነገ ልትለቀው አይደል!» ነው። ስልኩን አውጥቶ የሚቀርፅ ሞልቷል፤ መንገድ የከፈተለት ግን አልነበረም።

እስቲ በዚህች «ነገ ትለቀዋለህ» በምትባለው ነገር እንነጋገር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ከዚያ በኋላ በዋስ ይውጣ አይውጣ የሚለው ዳኛው ነው። መዝገቡ የሚሞላው ደግሞ በእናንተ ቃል ነው። ስልኩ የተመለሰለት ሰው ስንቱ ነው ጣቢያ ድረስ ሄዶ ቃሉን የሚሰጠው? «ሥራ አለብኝ» ብሎ ይሄዳል፤ ተጠርጣሪው በማስረጃ እጦት ሲወጣ ፖሊሱ ይሰደባል።

ያ ፖሊስ ያዳነው ልጁን ብቻ አይደለም፤ እናንተንም ከነፍስ ማጥፋት አድኗችኋል። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሻሸመኔ ላይ «ቦምብ ይዟል» በሚል ጥርጣሬ ሰው በአደባባይ ተገድሎ ተሰቅሏል። ሁለት ወር አልፎ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ለጥናት የሄዱ የጤና ባለሙያዎች «ልጆቻችንን በክትባት ሊመርዙ ነው» በተባለ ወሬ ተገደሉ። ሲሉ ሰምታ እንደሞተችው ዶሮ እንዳይባል፣ እዚህ የሞተው ወሬ የሰማው ሳይሆን የተወራበት ነው። በእጁ የነበረው ደም የማን እንደሆነ ሕዝቡ ያወቀው ከሆነ በኋላ ነበር።

ጉቦ የሚጠይቅ፣ ጣቢያ ውስጥ የሚማታ ፖሊስ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ ይከሰስ። ሰኔ 16 ቀን 2010 መስቀል አደባባይ ላይ ቦምብ ሲፈነዳ የጥበቃ ክፍተት አሳይተዋል የተባሉ የፖሊስ ኃላፊዎች ታስረዋል፤ መጠየቅ ማለት እንዲህ ነው። ነገር ግን ቢሮ ተቀምጦ ለበደለን አለቃ የቋጠርነውን ቂም ፀሐይ ላይ በቆመ ኮንስታብል መወጣት፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ድፍረት አይደለም። አለቃው ፊት እኮ ቃል አይወጣንም!

ወንጀለኛ መያዝ ለእናንተም ተፈቅዷል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ማንም ዜጋ ይዞ ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ እንደሚችል ደንግጓል። ማስረከብ ነው ያለው፣ መምታት አላለም። ስለዚህ ፖሊሱ ሲደርስ ወደ ኋላ በሉ፤ «እግዜር ይስጥልን» በሉት፤ ጣቢያ ድረስ ተከትላችሁ ቃላችሁን ስጡ። የቀረፃችሁት ቪዲዮ ካለ ለመርማሪው አሳዩት። ቲክቶክ ላይ ልትለቁት ከሆነ ግን ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱና መንገዱን ክፈቱለት።