ዳጉሳው ምን አጠፋ?

የባሕር ዳር ወላጆች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

ባለፈው ሳምንት የልጄን ቦርሳ ላጥብ ስገለብጠው ከደብተሮቿ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ እንጀራ አገኘሁ። ሻግቷል። ዳጉሳ ተቀላቅሎበት የተጋገረ፣ በሽሮ የተቀባ፣ እኔው ራሴ በማለዳ ተነስቼ የቋጠርኩት ምሳ። "ለምን አልበላሽውም?" ስላት አቀርቅራ ዝም አለች። ቆይታ "እማዬ፣ ጥቁር ነው እያሉ ይስቁብኛል" አለችኝ። ታዲያ ምሳዋ ምን ነበር? ከጓደኞቿ የተካፈለችው ቺፕስና ብስኩት።

ልጆቹን ልረግም ትንሽ ነበር የቀረኝ። ኋላ ግን ትዝ አለኝ። እንግዳ ሲመጣ "የዳጉሳውን ደብቂው፣ ነጩን አውጪ" የምለው ማን ነው? እኔው። ልጅ ሲያለቅስ ብስኩት፣ ፈተና ሲያልፍ ለስላሳ፣ ቆሎ ደግሞ ሌላ ነገር ሲጠፋ። የትኛው ምግብ እንደሚያኮራና የትኛው እንደሚያሳፍር ያስተማርናቸው እኛ ነን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

እስቲ ወደ ነገሩ እንግባ። ያ የተሳቀበት ዳጉሳ በካልሲየም ከጤፍም ከስንዴም ይበልጣል። ለሚያድግ አጥንት ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ? ባለ 300 ሚሊ ሊትሩ ለስላሳ ደግሞ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ይህ 7 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ልጃችሁ ሻዩ ላይ ሰባት ማንኪያ ስኳር ሲጨምር ብታዩ እጁን አትይዙትም? በጠርሙስ ሲመጣ ግን ገዝታችሁ ትሰጡታላችሁ።

"ጠዋት ጊዜ የለም" የምትሉኝን እሰማችኋለሁ፤ እውነት ነው። ንፍሮው ግን ማታ ይቀቀላል። የተቆላ ሽምብራ ቀናት ይቆያል። በወቅቱ ማንጎ መንገድ ዳር ይከመራል፣ ከመርዓዊ በኩል ከቆጋ መስኖ የሚመጣ አቮካዶ አለ። ዓሳ ለምሳ ዕቃ አልመክርም፤ በዚህ ሙቀት እስከ ስድስት ሰዓት አይቆይም። ማታ ግን ለምን አይበሉም? ጣና ዳር ቁጭ ብለን ቆሮሶ ጠብሰን የምንበላው እኛ ትልልቆቹ፣ ልጆቹ ቤት ፓስታ። ይህም ያሳፍራል።

ደግሞ በግድ አታጉርሷቸው። በግድ የተቋጠረ ምሳ የት እንደሚገባ አይቻለሁ። ልጁ ራሱ ይምረጥ፤ የሚመርጥበትን ማዕድ ግን እናንተ አቅርቡ። ቆሎ ወይስ ንፍሮ? ሙዝ ወይስ ማንጎ? ብስኩት ወይስ ቆሎ ብላችሁ ከጠየቃችሁማ ተሸነፋችሁ።

እኔ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ገበያ ወጣሁ። ሽምብራውን በእጇ ዘግና አየችው፣ ቀመሰችው፣ ከሻጯም ጋር ተከራከረች። ካሮትም ራሷ መረጠች። እሁድ ማታ እኔ ሽምብራውን ስቆላ እሷ ጨው ነሰነሰች፣ ትንሽ በዛ እንጂ። እኔም እራቴን የዳጉሳውን እንጀራ ፊቷ በላሁ።

ሰኞ ማታ የምሳ ዕቃዋን ከፈትኩ። እንጀራው የለም። ሽምብራውም የለም። ካሮቱ እንዳለ ተመልሷል።

"እሱን ሐሙስ እሞክረዋለሁ" አለችኝ።