«ሐይቁ ይውጠዋል» የምትሉ ሰዎች ሆይ

ወገኖች፣ «ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ይውጠዋል» ማለታችሁን ተዉ። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ የተሰበረ ፍሎረሰንት፣ የብረት መለበጫ እጣቢ ውኃው ውስጥ ስትጥሉ ከዓይናችሁ ይሰወራል እንጂ ከሐይቁ አይወጣም። የምግብ ትራፊ ይበሰብሳል፤ በእነዚህ ቆሻሻዎች ውስጥ የሚገኙት መርዛማ ብረት ነክ ነገሮች፣ ካድሚየምና ሜርኩሪ፣ ግን ንጥረ ነገሮች ስለሆኑ አፍርሶ የሚያጠፋቸው ፍጥረት የለም።

«ይዘቅጣል» ባዮችም ግማሹን ብቻ ነው የምታውቁት። የተወሰነው በርግጥ ይዘቅጣል። ነገር ግን ላይኛው ውኃ ከ2 ማይክሮሜትር (ከሚሊሜትር 2 ሺሕኛ) በማይበልጡ ባክቴሪያዎችና አልጌዎች (በብርሃን የሚያድጉ የውኃ ፍጥረታት) የተሞላ ነው። እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ አይሰምጡም ማለት ይቻላል፤ በውኃው የሟሟውንም መርዝ እየለቀሙ ይይዛሉ። ዚንክ በሚገባበት በር ካድሚየምም ይገባል። እነሱን ደግሞ ሌሎች ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ይበሏቸዋል፤ ከበሉትም ከፊሉን አሟሙተው መልሰው ይለቁታል፤ ሌላ አልጌ ያነሳዋል። ሰጠመ ያላችሁት መርዝ እዚያው ብርሃን ባለበት ውኃ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። (ለሕይወት የሚያስፈልጉት ብረትና ዚንክም የሚዘዋወሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ጥፋቱ የዑደቱ አይደለም፣ የናንተ ነው።)

ሜርኩሪ ይብሳል። ኦክስጅን በሌለው ደለል የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሜቲልሜርኩሪ ወደሚባል ሌላ የሜርኩሪ ዓይነት ይለውጡታል። ተራው ሜርኩሪ በአብዛኛው በአልጌው ቅርፊት ላይ ተለጥፎ ስለሚቀር፣ አልጌውን የበላው ፍጥረት ብዙውን ከዓይነ ምድሩ ጋር ያስወጣዋል። ሜቲልሜርኩሪ ግን ሕዋሱ ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ በበላተኛው ሰውነት ይቀራል። ትልቁ ዝላይ ከውኃ ወደ አልጌ ነው፤ በዚያ አንድ እርምጃ ብቻ መጠኑ ከ10,000 እጥፍ በላይ ሊከማች ይችላል። ከዚያ በኋላ ትንሽ ዓሣ፣ ትልቅ ዓሣ፣ የናንተ ልጅ። ስለዚህ «ውኃው ጥርት ያለ ነው» አትበሉኝ!

በጃፓን ሚናማታ ከፋብሪካ ወደ ባሕረ ሰላጤው የተለቀቀው ሜቲልሜርኩሪ ያመጣው በሽታ በይፋ የታወቀው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። ሰዎቹ የታመሙት ውኃውን ጠጥተው አይደለም፤ ዓሣውን በልተው ነው።

የፍሳሽ ቱቦ ወደ ሐይቅ የምታዞሩም ከዚህ ነጻ አይደላችሁም። ፍሳሹ አልጌውን ያበዛል፤ የሞተው አልጌ ሲበሰብስ የታችኛውን ውኃ ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ያን ጊዜ ደለሉ አምቆ የያዘውን ይለቃል፣ ሜርኩሪ ለዋጮቹም ይመቻቸዋል።

የባትሪ ድንጋዩን ለይታችሁ በደረቅ ዕቃ አጠራቅሙና ለሚረከብ አካል ስጡ። ብረት የምትለብጡም እጣቢውን ከመልቀቃችሁ በፊት በኖራ አዝቅጡት፤ ዝቃጩንም መልሳችሁ ሐይቅ ዳር አትድፉት።