ብዥታችን ይለምልም

የእህቴ ልጅ የሠርግ ፎቶ ባለፈው ሳምንት ደረሰን። ሠርጉ ጥር ላይ ነበር፣ አሁን ሰኔ ነው። ጥበብ ጊዜ ይፈልጋል፤ ማን ያጉረመርማል? በአንዲት ፍላሽ 1,140 ፎቶ። ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ፈነዳ፣ ቤተሰቡ ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮለኮለ።

የመጀመሪያው ፎቶ የሙሽሪት የግራ ዓይን ሽፋሽፍት ነው። ጥርት ከማለቱ የተነሳ አንድ፣ ሁለት ብሎ መቁጠር ይቻላል። ቀኝ ዓይኗ ግን ብዥ ብሏል። ከትከሻዋ ኋላ ሰፋ ያለ ጠቆር ያለ ነገር ቆሟል።

«እሱ ምንድነው?» አለች እማዬ።

«መጋረጃ ነው» አሉ የሙሽሪት አባት።

«መጋረጃ ከረባት ያስራል እንዴ?» አለ አንዱ። ተጠግተን አየን። እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

እንግዲህ ይህ ብዥታ እንዲሁ የተገኘ እንዳይመስላችሁ። ገንዘብ ወጥቶበታል። ባለ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ቀዳዳው 1.4 ድረስ የሚከፈት (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ከሁለት ሜትር ላይ ሲያነሳ ጥርት የሚለው ከአራት አምስት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። በእኛ በተራ ሰዎች ሂሳብ፣ ዓይን ከገባ ጆሮ ወጥቷል ማለት ነው። ቀዳዳውን ጠበብ አድርጎ ስምንት ላይ ቢያውለው አባትየውም ሰው መስለው ይወጡ ነበር። ግን ያን ያህል ከፍሎ ገዝቶ ቀዳዳውን የሚያጠብ ማን ሞኝ አለ? ከጀርባ ያለው ሰው ከታወቀማ፣ ሌንሱ ውድ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ስምም አለው፤ ቦኬ ይሉታል። ቃሉ የጃፓን ነው፣ ብዥታ ማለት ነው። እዚያው አገር በእርጅና መጃጀትንም በዚሁ ቃል ይጠሩታል። የደረሰብን የትኛው እንደሆነ ገና አልለየንም።

የእኔ ጀግና ግን የመልሱ ዕለት የመጣው ነው። ያ ሌላ ሰው ነው። ነጭ ሌንስ ይዞ ነው የገባው፤ ሰባ ሁለት መቶ የሚሉትን፣ ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚዘረጋውን። ቁጥሩ ሲያድግ ሩቁን ያቀርባል፣ የሚያስገባው ግን ይጠባል። አንድ ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ይዞት ሲገባ ጎረምሶቹ መንገድ ለቀቁለት። ነጭ የተቀባው ፀሐይ ላይ ሲውል እንዳይግል ነው። የእህቴ ሳሎን ፀሐይ የሚገባው በአንዲት መስኮት ነው፤ እሷም ላይ መጋረጃ አለ (ወይም አማቻችን ቆመዋል)።

ሳሎኑ አራት በአምስት ነው። ሶፋው ላይ፣ ከሶፋው ኋላና ምንጣፉ ላይ አሥራ ሦስት ሰው ተደረደረ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ አራት ሜትር ሙሉ። ያን ሌንስ ሰፋ ባለው ጫፉ፣ 70 ላይ እንኳ ቢያደርጉት፣ አራት ሜትር ለማስገባት ስምንት ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ማለት ግድ ነው። ባለ 35 ቢይዝ እዚያው ሳሎን ውስጥ ቆሞ ይጨርሰን ነበር። ግን ባለ 35 ትንሽ ነው። ማንም መንገድ አይለቅለትም።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ቡፌውን ነካ፣ ብርጭቆ ተንጫጫ። «ማዘር፣ ጠጋ ጠጋ ይበሉ» አለ። ተጠጋን። አልበቃም። በሩ ላይ ደረሰ። «ፋዘር፣ ግማሽዎ ቀርቷል።» ፋዘር ሆዳቸውን ሳቡ። በረንዳ ወጣ፣ የጫማ ክምር ላይ ተደናቀፈ። ግቢው ውስጥ ጠላ የሚቀዱት እናት ጆጋቸውን ይዘው ገለል አሉለት። አሁን ስምንት ሜትሩ ሞላ። ችግሩ፣ በዚያ በኩል የሚያየው በበሩ ቀዳዳ ሆነ። በራችን ደግሞ ጠባብ ነው። ገሚሳችን ግድግዳ ጀርባ ቀረን።

«በሩን ከማጠፊያው እንንቀለው?» አለ የሙሽራው አጎት። ከልቡ ነው።

ጀግናው ግን ተስፋ የሚቆርጥ ዓይነት አይደለም። መፍትሔው ተጨማሪ ማፈግፈግ መስሎት፣ የውጭ በሩን ከፍቶ ኮብልስቶኑ ላይ ወጣ። ባጃጅ ጡሩንባ ነፋችበት። ከቆርቆሮው አጥር ማዶ «ፈገግ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ፈገግ አልን። አምስት ደቂቃ ፈገግ አልን። ሙሽራው ስልኩን አውጥቶ ደወለለት፤ «አነሳኸን?» «ትንሽ ወደ ግራ» አለ። ማን ወደ ግራ እንደሚል ሳይገባን ሁላችንም ወደ ግራ አልን። የዶሮ ወጡ ሽታ ከማጀት ይመጣል። ፋዘር ሆዳቸውን እንደሳቡ ናቸው።

በመጨረሻ የጎረቤት ልጅ፣ የአሥር ዓመት ልጅ፣ የእናቱን ስልክ አንስቶ ቴሌቪዥኑ ሥር ቆሞ ቀጭ አደረገን። አሥራ ሦስታችንም አለን። ድመቷም አለች።

ፍርድ ለማጓደል አይደለም። ጥምቀት ዕለት ጃን ሜዳ፣ ታቦቱ ከሕዝቡ ባሕር ማዶ ሲመጣ፣ ያ ሌንስ እንጀራው ነው። ሳሎናችን ግን ጃን ሜዳ አይደለም።

የዘወትሩ ጀግና ደግሞ ካፌ ነው የሚገኘው። ማኪያቶ አዝዞ በ85 ሊያነሳው ይነሳል። ያ ሌንስ ከሰማንያ ሴንቲ ሜትር ወዲህ የቀረበለትን ነገር አጥርቶ አያይም። የገዛ ማኪያቶው ደግሞ አፍንጫው ሥር ነው። ስለዚህ ወንበሩን ይገፋል፣ ይቆማል፣ የጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ይደገፋል። ማኪያቶው ይቀዘቅዛል። «ለምን ቀላሏን፣ ባለ 50ዋን አትይዝም?» ስትሉት በሐዘኔታ ያያችኋል። ካርቲየር ብሬሶን የሚባለው ስመ ጥር ፈረንሳዊ ፎቶ አንሺ ዕድሜውን በአብዛኛው በ50 ነው ያነሳው። ከሀብታም ቤት ተወልዶ! ምስኪን፣ የሚመክረው አጥቶ ይሆናል።

የእኛም የድሮዎቹ ያው ናቸው። ከምኒልክ ዘመን አንስቶ የቦያጂያን ቤተሰብ ለቤተ መንግሥት ሲያነሳ፣ መኳንንቱ ከነካባቸው ጥልፍ ነው የሚታዩት። የአያቴም የስቱዲዮ ፎቶ እንዲሁ ነው። ፊታቸው፣ ሰዓታቸው፣ አጠገባቸው ያለው የፕላስቲክ አበባ ሁሉ ይለያል። ኋላ ቀርነት። ብዥታ የሚባል ሥልጣኔ ገና አልገባም ነበር።

የእናቴ ታላቅ እህት ሚያዝያ ላይ አረፉ። ሠርጉ ላይ ነበሩ። በዚያ ዕድሜያቸው ጥበብ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ተደግፈው መጥተው፣ ሙሽሪትን ግንባሯን ስመው መርቀዋል። ለለቅሶው ድንኳን የሚሰቀል ፎቶ ስንፈልግ አንሺው ጋ ደወልን። «ኤዲት አላለቀም» አለ። ለመንነው። አንድ ላከ፤ ከሙሽሪት ጉትቻ ኋላ ያለ ነጭ ጭስ። «እሳቸው ናቸው» ብሎ ጻፈበት። የቀበሌ መታወቂያቸውን ጉርድ ፎቶ አሳድገን ሰቀልነው፤ ፊታቸው በማኅተም ተቆርጦ። ባለፈው ሳምንት ፍላሹን ከዳር እስከ ዳር አየሁት። ቀለበቱ ጫማ ላይ ተቀምጦ 46 ጊዜ ተነስቷል። እሳቸው ሦስት ጊዜ አሉ፤ ሦስቱም ጭስ ናቸው። የሰውን እናት አጥፍታችሁ ምን አመጣችሁ? ጉትቻ! ጉትቻው እኮ አለ፣ ነገም መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። እሳቸውን ከየት እናምጣ? እማዬ ሦስቱን ፎቶዎች ደጋግማ ዓይኗን እያጠበበች አየቻቸው። ጥፋቱ የዓይኗ መስሏት መነጽሯን ጠየቀች።

ይቅርታ። ምስጋና ላይ ነበርን።

የወንድሜ ልጅ ክርስትና ደርሷል። ወንድ ስለሆነ በአርባ ቀኑ፣ የፊታችን እሑድ ነው። ባለ ነጩ ሌንስ በድጋሚ ተቀጥሯል፤ ቀብዱን ቀድሞ ስለበላ መለወጥ አልተቻለም። ትናንት ደውሎ አዲስ ሌንስ እንደገዛ አበሰረን፣ ባለ 400። ቀጥሎ ከቤቱ ፊት ለፊት ያለው ፎቅ የማን እንደሆነ ጠየቀ።

ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን ጎረቤት አስፈቅደናል። ለዚያ ለአሥር ዓመቱ ልጅም ካርድ ሞልተንለታል፤ የእናቱን ስልክ ቻርጅ አድርጎ ይመጣል።