ግብዓታችሁ ተወስዷል

አዲስ አበባ ውስጥ በቅጡ ያልተመሰገነ ጥበብ አለ። ባለሙያን ማሳተፍ ይባላል። መጀመሪያ ቤቱ ይፈርሳል። መንገዱ ይሰፋል፣ ቀለሙ ይቀባል፣ መብራቱ ይተከላል። ከዚያ አርክቴክቶቹ ይጠራሉ። የሚጠሩት የመሃል ከተማው የዲዛይን መመሪያ ምን መምሰል እንዳለበት እንዲመክሩ ነው።

አንዳንድ ምስጋና ቢሶች ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው ይላሉ። ወጡ እንጀራው ላይ ከፈሰሰ በኋላ «ጨው ይበቃዋል?» እንደማለት ነው ብለው ያማርራሉ። እኔ ግን ጥቅሙ ይታየኛል። ከግንባታ በፊት የሚጻፍ መመሪያ ግምት ነው። በኋላ የሚጻፈው ማስረጃ አለው። የእግረኛ መንገዱ ስንት ሜትር ይሁን ብሎ መጨቃጨቅ የለም፤ ወጥቶ መለካት ነው። የሕንፃዎቹ ቀለም ምን ይሁን? ቀና ብሎ ማየት ነው። ግራጫ።

ሕጉም አልተነካም። በ2000 ዓ.ም የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 የሕዝብ ተሳትፎን ከመርሆዎቹ አንዱ አድርጎታል። መርህ ደግሞ በመድረክ ይከበራል። ባነር የተሰቀለበት መድረክ ከሆነማ ምን ቀረ?

ጥሪው ማታ በቴሌግራም ይመጣል። ነገ ጠዋት 2:30። አዘጋጆቹ አስበውበት ነው፤ ባለሙያው ሰነዱን ሲያነብ አድሮ እንዳይደክም። ወፍራሙ ሰነድ የሚታደለው አዳራሹ በር ላይ ነው፣ ከእስክሪብቶና ከማስታወሻ ደብተር ጋር። ስብሰባው 4 ሰዓት ላይ ይጀመራል። የመክፈቻ ንግግር፣ የመነሻ ጽሑፍ፣ ከዚያ ቪዲዮ።

ቪዲዮው ደስ ይላል። የወደፊቱ መሃል ከተማ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በኮምፒውተር በተሠራው የስሪዲ ምስል ውስጥ የሚንሸራሸሩት ሰዎች ግን አብዛኞቹ ፀጉራቸው ወርቃማ ነው። ከየት እንደመጡ አይጠየቅም። ሊስትሮ የለም። ጀበናዋን አስቀምጣ ቡና የምትሸጥ ሴት የለችም። የታክሲ ሰልፍ የለም። ዝናብም አይዘንብም፤ ሐምሌና ነሐሴ ከፕላኑ ወጥተዋል።

ከሻይ በኋላ ውይይቱ ይከፈታል። እጁን የሚያወጣው ብዙ ነው፣ ሰዓቱ ግን ሄዷል። ሰብሳቢው በትህትና «ሁለት ሁለት ደቂቃ» ይላሉ። የሕንፃው ከፍታ፣ ከመንገዱ የሚርቀው ልክ፣ የግራውንዱ ሱቅ፣ የዛፉ ጥላ፣ የጎርፉ መውረጃ፣ ሁሉም በሁለት ደቂቃ። ያልደረሳችሁ በጽሑፍ ስጡን ይባላል። ወረቀቱ ይሰበሰባል። የት እንደሚገባ የሚያውቀው የሰበሰበው ልጅ ብቻ ነው።

ባለሙያውም ቢሆን አያሳፍርም። አንደኛው ደቂቃ መድረኩን ማመስገኛ ነው። ሁለተኛው ባርሴሎና ሄዶ ያየውን መተረኪያ። ሲንጋፖርን ያላነሳ ሰው ተሳትፏል አይባልም። ጠዋት የጥር ፀሐይ ተከራዮቹን የሚጠብስበትን የመስታወት ሕንፃ ያቆመው ሰው ስለ አየር ንብረት ተስማሚ ዲዛይን ይናገራል። የሙያ ማህተሙን ላላየው ፕላን ያከራየው ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ሲቆጭ እንባ ይቀረዋል። ቁም ነገሩ የሚወጣው ከስብሰባው በኋላ፣ ማኪያቶ ላይ ነው። እዚያ ሁሉም ጀግና ነው። ይህኛው ግብዓት ቃለ ጉባዔ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ማንንም አያስቸግርም።

የዚህ አሠራር ውበት እንደ ፒያሳ የታየበት ቦታ የለም። ልደታ ያለው የድሮው ሕንፃ ኮሌጅ ተማሪዎች አሮጌ ቤቶችን ሲለኩና ሲስሉ ኖረዋል። የአርመንና የሕንድ ግንበኞች እጅ ያረፈባቸው፣ የእንጨት በረንዳ ያላቸው ቤቶች። ደረጃው የት እንደሚታጠፍ፣ መስኮቱ ወዴት እንደሚከፈት፣ ጣሪያው ውሃውን ወዴት እንደሚጥል ሁሉ ወረቀት ላይ ሰፍሯል። በ2016 ዓ.ም የፒያሳ ሰፈሮቹ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ሲፈርሱ ያንን ሁሉ ማገላበጥ ጊዜ ያባክን ነበር። ኤክስካቫተር ወረቀት አያነብም። ሥራው በሳምንታት ውስጥ ተገባደደ። ሥዕሎቹ ዋጋ የሚያገኙት አሁን ነው። አንድ አርቃቂ «የአካባቢውን ነባር ገጽታ የጠበቀ» ብሎ መጻፍ ቢያምረው፣ ገጽታው ምን ይመስል እንደነበር ከእነሱ ይቀዳል። የሚጠበቀው ነገር መኖር አለበት ያለ ማን ነው?

እውነት ለመናገር፣ አዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ እኔም ማታ ማታ ወክ አደርጋለሁ። ደስ ይላል። የሰፈሩ ሰው ከነሱቁ እዚያው ቢሆን ኖሮስ የሚል ሐሳብ ሲመጣብኝ መብራቱን እያየሁ አልፈዋለሁ።

ደግሞ ከታሪክ አንጻር ተሻሽለናል። ስመ ጥሩው አርክቴክት ሌ ኮርቡዚዬ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አዲስ አበባን ሳይረግጥ ንድፍ ሠርቶላት ነበር። ነባሩን ከተማ እንደሌለ ቆጥሮ ቀጥ ያለ ጎዳና አሰመረበት፤ ለሙሶሊኒም ጻፈ። ሰውዬው የጎደለው አንድ ነገር ነበር። የባለድርሻ አካላት መድረክ አላዘጋጀም።

እኔም እንደ ባለድርሻ አንድ ግብዓት አለኝ። መድረኩ ከዚህም በላይ ይፍጠን። የቡድን ፎቶው መጀመሪያ ይነሳ። ዜናው ቀድሞ ይተላለፍ፤ «ባለሙያዎች ግብዓት ሰጡ» ለማለት መስጠታቸውን መጠበቅ አያስፈልግም። ሰብሳቢው «ግብዓታችሁ ተወስዷል» ብለው ይክፈቱ። አስተያየቱ ከዚያ ይቀጥል፣ ሰነዱ ደግሞ በመጨረሻ ይጻፍ።

ቆይ ግን። እንዲህ ከሆነ ሰነዱ ሳይጻፍ ባለሙያው ሊናገር ነው። የተናገረውም ሳይታወቅ ሰነዱ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ተውት፣ ግብዓቴን ስቤያለሁ።