ልጸልይበት

«አይሆንም» የሚለውን ቃል ሳይናገር ከማንኛውም ግዴታ መውጣት የቻለ ሕዝብ ቢኖር እኛ ጴንጤዎች ነን። ድሮ እምቢ ለማለት ያፈረ ሰው «እስቲ እናያለን» ይል ነበር። «እናያለን» ግን ጉድለት አለበት፤ በሳምንቱ «አየህ ወይ?» የሚል ሰው ይመጣል። «ልጸልይበት» ያለን ሰው ማን ደፍሮ «ጸልየህ ጨረስህ ወይ?» ይለዋል?

ባለፈው መጋቢት አንድ እሑድ፣ ጉባኤው እንዳለቀ፣ አስተባባሪያችን ደብተሯን ይዛ በር ላይ ቆመች። ቅዳሜ ጠዋት የአዳራሹን የፕላስቲክ ወንበሮች የሚያጥቡ 5 ሰዎች ፈልጋ ነው። አንድ የተወደደ ወንድማችን ጥያቄውን ሲሰማ ዓይኑን ጨፈን፣ ራሱን ዘንበል አደረገ፤ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አኑሮ ጥቂት ቆየና «ልጸልይበት፣ እኅቴ» አላት። ከኋላው ቆሜ በቅናት ተቃጠልኩ። እኔ ሞኙ «ቅዳሜ ሥራ አለብኝ» ብዬ ልዋሽ ነበር እኮ!

አስተባባሪያችን ገጹን ገለጠችና ለሐዋሳው የጸሎት ጉዞ ስም እንደምትመዘግብ፣ ምሳና ማደሪያውም እንደተሸፈነ መናገር ጀመረች። አላስጨረሳትም። «አንደኛ እኔን ጻፊ!» በመንፈስ የሚመራ ሰው ጊዜ አያባክንም።

ጌዴዎን ምድያማውያንን ከመውጋቱ በፊት የተባዘተ የበግ ጠጉር አውድማ ላይ አኑሮ ምልክት ጠየቀ፤ አንድ ሌሊት ጠጉሩ ብቻ እንዲረጥብ፣ በማግሥቱ ምድሩ ብቻ እንዲረጥብ። በ2 ሌሊት ጨርሶ፣ በኋላም በ300 ሰው ዘመተ። ችኩል! የእኛ ወንድም በወንበሮቹ ጉዳይ እነሆ 14ኛ ሳምንቱን ይዟል። ዘገምተኛ ነው እንዳትሉት ደግሞ፣ በተከራዩ ላይ ኪራይ ሲጨምር በአንድ ማታ ሰላም ተሰምቶታል።

መዘምራኑም በዚህ ጸጋ አይታሙም። አምና ለአንዲት ዘማሪት «ሚስቴ እንደሆንሽ ጌታ ነገረኝ» ያሏት ወንድሞች 3 ነበሩ። ያልተነገራት ለእርሷ ብቻ ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ነቢያት ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይናገሩ፣ ሌሎችም ይለዩ ሲል ይህን ዓይነቱን ሦስት ማለቱ አይመስለኝም። መለየቱንማ ትተነዋል፤ የቤርያ ሰዎች የሐዋርያውን ስብከት እንኳ ዕለት ዕለት በመጻሕፍት ይመረምሩ ነበር፤ ጊዜ የተረፋቸው ሰዎች መሆን አለባቸው። እኛ ዘንድ «ሰላም ተሰማኝ» ከተባለ መዝገቡ ተዘጋ። ሰላሙ ከላይ ይምጣ ከቁርስ በኋላ ይምጣ የሚጠይቅ የለም።

ባለፈው ቅዳሜ አስተባባሪያችን ከሁለት እናቶች ጋር ሆና ወንበሮቹን ሁሉ በኦሞና በበረኪና ፈትጋ አጠበች። እሑድ ጠዋት ጣቶቿ ተሰነጣጥቀው አይቻለሁ። ወንድማችን ንጹሑ ወንበር ላይ ተደላድሎ በአምልኮው መካከል ወደ እኔ ዘንበል አለና፦

«ዛሬ በዚህ ቤት ውስጥ የተለየ ነገር አለ። አልተሰማህም?»

ሸቶኛል አልኩት። በረኪና ነው።