ጆሮዬን ለሚቀጥለው ወር ቀጠሩልኝ

እዚህ ቨርጂኒያ ጁጂትሱ (ምንጣፍ ላይ ተያይዞ የሚታገሉት ስፖርት) የምሠራበት ጂም ውስጥ ጉልበቱ የተጎዳ ሰው "አይዞህ፣ እረፍ" ይባላል። ጆሮው ያበጠ ግን "እንኳን ደስ ያለህ!" ተብሎ ፎቶ ይነሳል። ኧረ በፈጠራችሁ! ጉዳት እኮ ነው!

ኮቾቹ ስለማይነግሩን እኔ ልንገራችሁ። የጆሮን ቅርጽ የያዘው ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም። የሚመገበው በላዩ ከተለጠፈው ስስ ሽፋን ነው። ጭንቅላት ተቆልፎ ሲጎተት፣ ጆሮ ከሰው ደረት ወይም ከምንጣፉ ጋር ሲፋተግ ሽፋኑ ይላቀቅና መሃሉ ላይ ደም ይሞላል። ደሙ ቶሎ ካልወጣ ልም አጥንቱ ይሞታል፤ በቦታው ደረቅ ጠባሳ ይበቅላል። ከዚያ ወዲያ ከቀዶ ሕክምና በቀር የሚያስተካክለው የለም።

ቶሎ ማለት በአንድ ሁለት ቀን ነው። ሳምንት ካለፈው መጠንከር ይጀምራል።

የኔ ሰኞ ማታ አበጠ። ማክሰኞ ኧርጀንት ኬር (ያለ ቀጠሮ የሚያዩበት ክሊኒክ) ሄጄ ግማሽ ቀን ተጎለትኩ። "እኛ ይሄን አንነካም፣ ስፔሻሊስት ጋ ሂድ።" ስፔሻሊስቱ ጋ ደወልኩ። "መጀመሪያ ሪፈራል አምጣ።" ሪፈራሉን አመጣሁ። ቀጠሮው መቼ ቢሆን ጥሩ ነው? የሚቀጥለው ወር! የኔ እህት፣ እስከዚያማ ጆሮዬ ድንጋይ ይሆናል ብላት "ክፍት ቦታ የለም" ብላ ዘጋችው። ኢንሹራንሱ ግን ከደሞዜ ላይ ለመቆረጥ አንድ ቀን ዘግይቶ አያውቅም።

ልጆቹ መርፌ ኦንላይን እያዘዙ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ እርስ በርስ የሚቀዳዱት ወደው አይደለም። አንዱ "ና ላውጣልህ፣ ሁለት ደቂቃ ነው" አለኝ። እጁን እንኳ አልታጠበም! ኢንፌክሽን ልም አጥንቱ ውስጥ ከገባ እኮ ጆሮውን እንዳለ ሊያበላሸው ይችላል። ደሞ ማውጣት ብቻውን ምን ይሠራል? ካልተጫኑት ተመልሶ ይሞላል። ሐኪም ከቀዳው በኋላ የተጠቀለለ ፋሻ ከፊትና ከኋላ አድርጎ አብሮ ይሰፋዋል፤ ለሳምንት ያህል እንደተጫነ ይቆያል። እስኪድን ምንጣፍ ላይ መውጣት የለም። ይሄን ስላቸው መልሳቸው "አታካብድ" ነው።

የጆሮ መከላከያ ማድረግማ መሳቂያ ያደርጋል። እዚሁ አገር የሃይስኩል ታጋይ ያለ እሱ መጋጠም አይፈቀድለትም። የጥንት ግሪኮች እንኳ ለልምምድ የጆሮ መከላከያ ነበራቸው። የኛዎቹ ግን "የካቢብን ጆሮ አላየህም?" ይሉኛል። የዩኤፍሲ ፍልሚያ ሻምፒዮን የነበረው ካቢብ በጆሮው ነው እንዴ ያሸነፈው? በ2014 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የተፋላሚዋ የሌስሊ ስሚዝ ጆሮ ፈንድቶ ሐኪሙ ጨዋታውን ያስቆመውንስ ለምን አታነሱም? መከላከያው ይሞቃል፣ ይንሸራተታል፣ መስማትም ይቀንሳል፤ እሱን አልክድም። ቢያንስ ግን ጆሮው መቅላትና መሞቅ የጀመረ ሰው ያን ቀን ይቁም። የጂሙ ባለቤት ሁለት ሦስት መከላከያ ገዝቶ በር ላይ ቢሰቅል ምን ይጎድልበታል?

እናቴ ደግሞ በቪዲዮ አይታኝ "ማነው የመታህ?" ብላ ልታለቅስ ደረሰች። ቀጥላ "ጠበል ግባበት" አለችኝ። እሷ እንኳ ዛሬውኑ ግባ ነው ያለችው፣ ቀጠሮ አልሰጠችኝም።

ለማንኛውም ዲሲ አካባቢ ቶሎ የሚያይ የጆሮ ሐኪም የምታውቁ በኢንቦክስ ላኩልኝ። ነገ ጠዋት ከሆነ ከሥራ እቀራለሁ። መርፌ ያለው ጓደኛ አለኝ የምትሉ ግን ይቅርብኝ።